የ100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ክብረ ወሰን በ19 ሰከንድ የወረደው እንዴት ነው?

ጥያቄ፦ «የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ስለ ዋናተኛው ሮቤል ኪሮስ እያነሡ ሲሳሳቁ አንዱ ልጅ ‹እሱ የገባበት ሰዓት እኮ ድሮ የዓለም ክብረ ወሰን ይሆን ነበር› አላቸው። እውነት ነው? እውነት ከሆነስ ሰው በመቶ ዓመት ውስጥ ይህን ያህል የፈጠነው ጉልበቱ ጨምሮ ነው፣ የዋና ልብሱ ረድቶት ነው ወይስ በመድኃኒት?»

ምላሽ፦ ልጁ ልክ ነው። ሮቤል ነሐሴ 3 ቀን 2008 ዓ.ም. በሪዮ ኦሊምፒክ የ100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ማጣሪያን በ1 ደቂቃ ከ4.95 ሰከንድ ጨረሰ፤ ከ59 ዋናተኞችም የመጨረሻው ሆነ። አሁን ወደ ኋላ እንሂድ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ወሮችና ቀኖች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የዚህ ርቀት የክብረ ወሰን መዝገብ የሚጀምረው ሃንጋሪያዊው ዞልታን ሃልማይ በ1905 ቪየና ላይ በዋኘው 1:05.8 ነው። በ1908 የለንደን ኦሊምፒክ አሜሪካዊው ቻርልስ ዳንኤልስ በ1:05.6 ወርቁንም ክብረ ወሰኑንም ወሰደ። ሮቤል በሰዓት ሁለቱንም ይቀድማቸዋል።

ለተማሪዎችዎ ግን ይህን ብቻ ነግረው አይተዉት፤ ዳንኤልስ የዋኘበት ውሃ ሌላ ነበርና። የ1908ቱ ገንዳ የተሠራው ዋይት ሲቲ በተባለው ስታዲየም ውስጥ፣ ሯጮች በሚዞሩበት መም መሐል ነው። ርዝመቱ 100 ሜትር ስለነበረ ዳንኤልስ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድም ጊዜ አልታጠፈም። ለማያውቅ ሰው መታጠፍ ጊዜ የሚያባክን ይመስለዋል። እንዲያውም ተቃራኒው ነው፦ ዋናተኛ ግድግዳውን በእግሩ ገፍቶ ሲወጣ የሚኖረው ፍጥነት በእጁ ቀዝፎ ከሚያገኘው ይበልጣል። ሮቤል 50 ሜትር ላይ ይህን ዕድል አግኝቷል፤ ዳንኤልስ አላገኘም። ሮቤል የዋና መነጽር ነበረው፤ ውሃው የሞቀና የጠራ፣ መስመሮቹም ማዕበል በሚሰብሩ ገመዶች የተለዩ ነበሩ። በ1912 ስቶክሆልም ላይ ደግሞ ውድድሩ የተካሄደው በባሕር ሰርጥ ውስጥ ነው። እንግዲህ ሁለቱን ሰዓቶች ስናነጻጽር ሁለት ሰዎችን ብቻ አይደለም የምናነጻጽረው፤ ሁለት ውሃዎችንም ነው።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልግባ። ዛሬ ክብረ ወሰኑ ቻይናዊው ፓን ዣንሌ በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ ያስመዘገበው 46.40 ሰከንድ ላይ ደርሷል፤ ከዳንኤልስ በ19.2 ሰከንድ ይፈጥናል። ይህን ከሩጫ ጋር ያስተያዩት። የወንዶች 100 ሜትር ሩጫ በ1912 ከነበረበት 10.6 ሰከንድ ወደ ዩሴን ቦልት 9.58 ሲወርድ መሻሻሉ አሥር በመቶ ገደማ ነው። በዋና ከ1912 ክብረ ወሰን፣ ማለትም ከ1:01.6 ወደ 46.40 ስንመጣ መሻሻሉ ወደ 25 በመቶ ይጠጋል። የሯጩም የዋናተኛውም ጡንቻ ያው የሰው ጡንቻ ነው። ልዩነቱን ያመጣው ሌላ ነገር መሆን አለበት።

ውሃ በይዘት እኩል ከሆነው አየር 800 ጊዜ ያህል ይከብዳል። በውሃ ውስጥ ፍጥነትዎን እጥፍ ለማድረግ ቢፈልጉ ውሃው አራት እጥፍ ይቃወምዎታል፤ ከሰውነትዎ የሚጠየቀው ኃይል ደግሞ ስምንት እጥፍ ይሆናል። በዚህ ስሌት ፓን በዳንኤልስ የአዋዋን ስልትና በዳንኤልስ ገንዳ 46.40 ለመግባት ቢሞክር ከዳንኤልስ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ኃይል ያስፈልገው ነበር። እንዲህ ያለ ሰው አልተወለደም። የ19 ሰከንዱ ታሪክ በአመዛኙ የሰው ልጅ ውሃውን እንዴት ሳይረብሽ ማለፍ እንዳለበት የተማረበት ታሪክ ነው። ጉልበት፣ ልብስ፣ መድኃኒት የተባሉት ሦስቱም ድርሻ አላቸው፤ ግን አንዳቸውም ብቻቸውን አያብራሩትም።

መጀመሪያ የተለወጠው ስልቱ ነው። «ነፃ ቀዘፋ» የአንድ የአዋዋን ስልት ስም አይደለም፤ ዋናተኛው በፈለገው መንገድ ይዋኝ ማለት ነው። ሁሉም ሰው በአንድ ዓይነት መንገድ፣ በደረቱ ተኝቶ ክንዶቹን እያፈራረቀ የሚዋኘው ከዚህ የሚፈጥን ስላልተገኘ ነው። አውሮፓውያን ይህን የተማሩት ከሌሎች ነው። በ1844 የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝብ ተወላጅ የሆኑ ሁለት ሰዎች ለንደን ውስጥ ክንዳቸውን ከውሃ በላይ እያወናጨፉ ዋኝተው ነበር። ውሃ አይንጫጫም ብለው በደረት ቀዘፋ ለሚኮሩት እንግሊዞች ነገሩ ጨዋነት የጎደለው መሰላቸውና ተዉት። ስልቱ ሥር የሰደደው ከዓመታት በኋላ በሲድኒ ነው፤ ከሰሎሞን ደሴቶች የመጣው አሊክ ዊክሃም የተባለ ልጅ እንደ አገሩ ሲዋኝ አይተው ካቪል የተባሉት የዋናተኞች ቤተሰብ ተከተሉት። የእግሩን ምት ያሳየው ደግሞ የሃዋዩ ዱክ ካሃናሞኩ ነው። በነሐሴ 1911 በሆኖሉሉ ወደብ ውስጥ 100 ያርድ ሲዋኝ የወቅቱን ክብረ ወሰን ከ4 ሰከንድ በላይ አሻሻለ። የአሜሪካ አማተር ስፖርት አለቆች አላመኑም፤ የወደቡ ሞገድ ገፍቶት ይሆናል ብለው ሰዓቱን ሳይመዘግቡት ቀሩ። ካሃናሞኩ በቀጣዩ ዓመት ኦሊምፒኩን አሸነፈ፤ በ1920 አንትወርፕ ላይም 30ኛ ዓመት ልደቱን ባከበረበት ቀን በዚያ ቀዝቃዛ ውሃ 1:00.4 ዋኝቶ ክብረ ወሰኑን እንደገና የራሱ አደረገ። ነጮቹ መጀመሪያ ያልተቀበሉት ስልት ዛሬ የዓለም ስልት ነው። ይህን ታሪክ ለተማሪዎች ሳልነግር ትምህርት ጀምሬ አላውቅም።

አንድ ደቂቃን የሰበረው ጆኒ ዋይዝሙለር ነው፤ ሐምሌ 9 ቀን 1922፣ 58.6 ሰከንድ። በ1924 ያስመዘገበው 57.4 አሥር ዓመት ቆየ። እነዚህን የድሮ ሰዓቶች ሲያነቡ ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ እስከ 1957 ድረስ የዓለም ክብረ ወሰን በአጭር ገንዳም ይመዘገብ ነበር። አጭር ገንዳ ማለት ብዙ መታጠፊያ፣ ብዙ ግድግዳ፣ ብዙ መግፊያ ማለት ነው። ከግንቦት 1957 ወዲህ ግን ረጅሙ፣ 50 ሜትር ያህል የሆነው ገንዳ ብቻ ተፈቀደ፤ አጭሩ ገንዳ የራሱ መዝገብ ያገኘው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በአጭር ገንዳ የተዋኘን ሰዓት ከረጅሙ ጋር ቀላቅለው የሚጽፉ ሰዎች ዛሬም አሉ፤ በጣም የሚያሳስት ስሕተት ነው።

በሴቶቹ በኩል ሆላንዳዊቷ ዊሊ ደን ኡደን በ1936 የዋኘችው 1:04.6 ሃያ ዓመት ሙሉ አልተነካም። የነካችው አውስትራሊያዊቷ ዶውን ፍሬዘር ናት፤ በ1956፣ በአንድ ዐሥረኛ ሰከንድ ብቻ። ፍሬዘር በጥቅምት 1962 ሜልቦርን ላይ 59.9 ገብታ ከአንድ ደቂቃ በታች የዋኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች፤ ልክ ከዋይዝሙለር አርባ ዓመት በኋላ። ሌላዋ አውስትራሊያዊት ሼን ጉልድ ደግሞ በ1972 መጀመሪያ ላይ፣ ገና በ15 ዓመቷ፣ ከ100 እስከ 1500 ሜትር ያሉትን የነፃ ቀዘፋ ክብረ ወሰኖች በአንድ ጊዜ በሙሉ ይዛ ነበር።

ከዚህ በኋላ ነው መድኃኒቱ የሚመጣው፤ ስለዚህ ጉዳይ በግልጽ መናገር አለብኝ። ምሥራቅ ጀርመናዊቷ ኮርኔሊያ ኤንደር በሐምሌ 1973፣ በ14 ዓመቷ፣ የ100 ሜትሩን ክብረ ወሰን 58.25 አደረገችው። ከዚያ እሷው ደጋግማ እያሻሻለች በ1976 ሞንትሪያል ላይ 55.65 አደረሰችው። በሦስት ዓመት 2.6 ሰከንድ! በወቅቱ ነገሩ አልጣመኝም ብላ በአደባባይ የተናገረችው አሜሪካዊት ሸርሊ ባባሾፍ ቅናተኛና ተሸናፊ ተብላ ተሰደበች። በርሊን ግንብ ከፈረሰ በኋላ የተከፈተው መዝገብ እውነቱን አወጣው። መንግሥት በ1974 ያጸደቀው «የመንግሥት ዕቅድ 14.25» የተባለ ምስጢራዊ ፕሮግራም ነበረ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ስፖርተኞች፣ ታዳጊ ልጃገረዶች ጭምር፣ ቪታሚን ነው እየተባሉ ኦራል ቱሪናቦል የተባለውን የወንድ ሆርሞን ዓይነት ይውጡ ነበር። በ2000 የበርሊን ፍርድ ቤት የአገሪቱ የስፖርት አለቃ የነበሩትን ማንፍሬድ ኤቫልድንና ሐኪሙን ማንፍሬድ ሆፕነርን ጥፋተኛ አላቸው። ልጆቹ የተጠቁ እንጂ ያጠቁ አልነበሩም፤ ብዙዎቹ መድኃኒቱ ያስከተለባቸውን በሽታ ይዘው ኖረዋል። ሰዓቶቹ ግን ከመዝገቡ አልተፋቁም። የዚያን ዘመን የሴቶች ሰንጠረዥ ሲያነቡ ይህን አብረው ያንብቡ። ከዚያው ከሞንትሪያል ለተማሪዎችዎ ሊነግሩት የሚገባ ሌላ ቀን አለ፦ ባባሾፍና ሦስት ጓደኞቿ በ4 በ100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ቅብብል ምሥራቅ ጀርመንን በ3:44.82 የዓለም ክብረ ወሰን አሸነፉ።

ሞንትሪያል ለእኛ ሌላ ትዝታ አለው። ኢትዮጵያ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ጋር በደቡብ አፍሪካ አፓርታይድ ምክንያት ያንን ኦሊምፒክ ጥላ ቀረች፤ ምሩፅ ይፍጠርም አልሮጠም። በዋናው ገንዳ ሐምሌ 25 ቀን አሜሪካዊው ጂም ሞንትጎመሪ 49.99 ገብቶ ከ50 ሰከንድ በታች የዋኘ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ከሃያ ቀን በኋላ ፊላደልፊያ ላይ ጆንቲ ስኪነር የተባለ ዋናተኛ ሰዓቱን ወደ 49.44 አወረደው። ስኪነር ሞንትሪያል ያልነበረው ደቡብ አፍሪካዊ ስለሆነ ነው፤ አገሩ በአፓርታይድ ምክንያት ከኦሊምፒክ ታግዳ ነበር። ያ ሰዓት አምስት ዓመት ያህል ቆየ።

ስለ ሰዓት አያያዝም አንድ ነገር ልበል፤ እዚህ ላይ እጄ ስላለበት። በሰዓት ያዥነት ገንዳ ዳር ብዙ ጊዜ ቆሜአለሁ። ዋናተኛው ግድግዳውን የሚነካው ብዙውን ጊዜ ከውሃው በታች ነው፤ አረፋው ጣቱን ይሸፍነዋል፣ ውሃው ፊት ላይ ይረጫል፣ አውራ ጣት የሚጫነውም ዓይን ባየው ሳይሆን በገመተው ቅጽበት ነው። ሦስት ሰዎች አንድ መስመር ላይ ጎንበስ ብለን ሦስት የተለያየ ሰዓት ይዘን የተነሣንባቸው ቀኖች ጥቂት አይደሉም። በ1960 የሮም ኦሊምፒክ ይኸው ችግር ወርቅ አሳጣ። ለአሜሪካዊው ላንስ ላርሰን ሦስቱ ሰዓት ያዦች 55.0፣ 55.1 እና 55.1 ያዙለት፤ ለአውስትራሊያዊው ጆን ዴቪት ሦስቱም 55.2 ያዙ። በዓይን የሚፈርዱት ዳኞች ግን እኩል ተከፈሉና ዋና ዳኛው ወርቁን ለዴቪት ሰጡት። በሙከራ ላይ የነበረው የኤሌክትሪክ ሰዓትም ላርሰንን ነበር ያስቀደመው። ይህ ውዝግብ ነው ዋናተኛው ራሱ ነክቶ ሰዓቱን የሚያቆምበትን የግድግዳ ሰሌዳ ያፋጠነው፤ በ1968 ሜክሲኮ ላይ በኦሊምፒክ ሥራ ጀመረ። ከዚያ በ1972 ሙኒክ ላይ በሌላ ርቀት የወርቅ ሜዳሊያ በሁለት ሺሕኛ ሰከንድ ተለየ። ይህ በርቀት ሲሰላ ሦስት ሚሊሜትር ያህል ነው፤ የገንዳው መስመሮች ርዝመት ግን እስከ ሦስት ሴንቲ ሜትር እንዲለያይ ደንቡ ይፈቅዳል። ስለዚህ ወደ መቶኛ ሰከንድ ተመለሱ፤ ዛሬ እኩል መቶኛ የገቡ ሁለት ዋናተኞች ሁለቱም ወርቅ ይወስዳሉ። ትክክለኛ ውሳኔ ነው።

አሁን ወደ ልብሱ። በየካቲት 2008 ስፒዶ ኩባንያ «ኤልዜድአር» የተባለውን ልብስ አወጣ፤ ጨርቁ ሲመረጥ የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ የሰበቃ ሙከራ አድርጎለታል። ስፌቱ በክር ሳይሆን በድምፅ ሞገድ የተበየደ፣ ከላዩ ላይ ፖሊዩሪቴን የተባለ የፕላስቲክ ዓይነት ሉሕ የተለጠፈበት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ሌሎች ኩባንያዎች ሙሉ በሙሉ ከፖሊዩሪቴን የተሠራ ልብስ ይዘው መጡ። እነዚህን ልብሶች መልበስ ራሱ ሥራ ነበር፦ በጣት ጫፍ፣ በጥፍር ላለመቅደድ እየተጠነቀቁ፣ በትንሽ በትንሹ ወደ ላይ እየሳቡ፣ ሃያ ደቂቃና ከዚያም በላይ ይፈጃል፤ ጀርባውን ሌላ ሰው ነው የሚዘጋው። ከለበሱት በኋላ ሥጋውን አጥብቆ ይጨብጠዋል፣ ውሃ አያስገባም፣ ዳሌንና እግርን ወደ ላይ ያነሣል። ውድድሩ መጨረሻ ላይ የደከመ ዋናተኛ ዳሌው ይሰምጣል፤ ሰዓት የሚጠፋውም እዚያ ነው። ልብሱ ይህን ድካም ደበቀው።

ውጤቱን ሮም ላይ በ2009 የዓለም ሻምፒዮና ዓለም አየ፤ በአንድ ሻምፒዮና 43 የዓለም ክብረ ወሰኖች ተሰበሩ። ጀርመናዊው ፖል ቢደርማን በ2008 የቤጂንግ ኦሊምፒክ በ200 ሜትር ነፃ ቀዘፋ 1:46.00 ገብቶ አምስተኛ ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ ሮም ላይ 1:42.00 ገብቶ አሜሪካዊውን ማይክል ፌልፕስን አሸነፈ። አራት ሰከንድ በአንድ ዓመት በልምምድ አይመጣም፤ ቢደርማን ራሱም ልብሱ እንደረዳው አልካደም። የፌልፕስ አሰልጣኝ ቦብ ቦውማን ደንቡ ካልተለወጠ ተወዳዳሪዬን አላመጣም እስከ ማለት ደረሱ። ከጥር 1 ቀን 2010 ጀምሮ ልብሶቹ ታገዱ፤ ወንዶች ከወገብ እስከ ጉልበት፣ ሴቶች ከትከሻ እስከ ጉልበት፣ ያውም ውሃ የሚያሳልፍ ጨርቅ ብቻ። ሰዓቶቹ ግን እንደ ምሥራቅ ጀርመኖቹ በመዝገብ ቀሩ። በእኔ እምነት ይህ ስሕተት ነበር፤ ቢያንስ በተለየ ሰንጠረዥ ሊቀመጡ ይገባ ነበር። አንድ ትውልድ ዋናተኛ ከሰው ጋር ሳይሆን ከልብስ ጋር ሲወዳደር ወጣትነቱን ጨርሷል። የቢደርማን 1:42.00 ከ15 ዓመት በላይ ቆሟል።

ታዲያ ልብሱ ብቻ ነበር እንዳይባል ሁለት ነገር እጨምራለሁ። ብራዚላዊው ሴዛር ሲዬሎ ሮም ላይ በዚያ ልብስ በ100 ሜትር 46.91 ዋኝቶ ነበር። ከ13 ዓመት በኋላ፣ በነሐሴ 2022፣ የ17 ዓመቱ ሩማንያዊ ዳቪድ ፖፖቪቺ እዚያው ገንዳ ውስጥ፣ በጨርቅ ቁምጣ፣ 46.86 ገባ። ፖፖቪቺ ያኔ ቀጭን ልጅ ነበር፤ ትከሻው እንደ ድሮዎቹ የፍጥነት ዋናተኞች የገዘፈ አልነበረም። ሲዋኝ ያዩት እንደሆነ አካሉ እንደ አንድ እንጨት ቀጥ ብሎ ይንሳፈፋል፤ የሚረጨው ውሃ ትንሽ ነው። ፓን በፓሪስ 46.40 የዋኘው ደግሞ ጥልቀቱ 2.15 ሜትር ብቻ በሆነ ገንዳ ውስጥ ነው፤ ቤጂንግ ላይ 3 ሜትር ነበር። ጥልቀት የሌለው ገንዳ ማዕበሉን ከወለሉ መልሶ ይልካል፤ ለዚህም ብዙዎች ሰዓት እንደማይወርድበት ገምተው ነበር። ሁለተኛው ማስረጃ ረጅም ርቀት ነው። እንግሊዛዊቷ ሬቤካ አድሊንግተን በ2008 በዚያ ልብስ የ800 ሜትሩን የጃኔት ኢቫንስን የ19 ዓመት ክብረ ወሰን ሰብራ 8:14.10 አደረገችው። አሜሪካዊቷ ኬቲ ሌደኪ በጨርቅ ልብስ ከ2013 ጀምራ እያወረደች በግንቦት 2025 በ8:04.12 ጨረሰች። አሥር ሰከንድ! ይህ የልምምድና የሰውነት ውጤት ነው። እንግዲህ «ጉልበቱ ጨምሮ ነው?» ላሉት፣ አዎ፣ በተለይ በረጅሙ ርቀት ጨምሯል።

ምናልባት ተማሪዎችዎ «ከፍታ ላይ መኖራችን አይረዳንም?» ይሉ ይሆናል። በ1968 ሜክሲኮ ሲቲ፣ ከባሕር ወለል 2,240 ሜትር ላይ፣ የአጭር ርቀት ሯጮች በሳሳው አየር ፈጠኑ። በገንዳው ውስጥ ግን ውሃው አልሳሳም። አውስትራሊያዊው ማይክ ዌንደን 100 ሜትሩን በ52.2 ክብረ ወሰን ቢያሸንፍም፣ አሜሪካዊው ማይክ በርተን 1500 ሜትሩን ያሸነፈው ከራሱ ክብረ ወሰን 30 ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ነው። ከፍታ ላይ መለማመድ ሊጠቅም ይችላል፤ ከፍታ ላይ ረጅም ርቀት መወዳደር ግን ትንፋሽ ያሳጥራል።

ገንዳ የሚያገኙ ከሆነ ይህን ሁሉ በአምስት ደቂቃ ማሳየት ይችላሉ። አንዱን ልጅ ጀርባውን ለግድግዳው አስሰጥተው ያስቁሙትና ግድግዳውን በሁለት እግሩ ገፍቶ እንዲወጣ ያድርጉ፤ መጀመሪያ ራሱን ቀና አድርጎ እጆቹን ከጎኑ ሰብስቦ፣ ሳይቀዝፍ፣ ሳይራገጥ። የቆመበትን ቦታ ገንዳው ዳር ላይ በኖራ ምልክት ያድርጉበት። ከዚያ አንዱን መዳፍ በሌላው ላይ ደርቦ፣ ክንዶቹን ከጆሮዎቹ ኋላ ዘርግቶ፣ ዓይኑን ወደ ገንዳው ወለል አድርጎ በዚያው ጉልበት እንደገና ይግፋ። ሁለተኛውንም ምልክት ያድርጉና በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ልጆቹ ራሳቸው በሜትር ይለኩት።